ያልታረደው ሥጋና የእኔ ጉርሻ

ከዱከም መነሻ

በግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሉካንዳዬን ለልጄ ለበላይ አስረክቤ ከዱከም ተነሣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ ቆርጬ የሸጥኩ ሴት ነኝ፤ ሻኛን ከጎድን ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ ዱከም መጥታችሁ ዘነበች ብላችሁ ጠይቁ። የጉዞዬ ምክንያት ግን ሥጋ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ኃይሉ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ስኳሩ በድንገት እየወረደባቸው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ልጃቸው ሳራ ደውላ፣ "አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ሳመሩን አብረሽው ሁኚ። እኔ ሺፍት ላይ ስሆን ዳድ ብቻውን ነው" አለችኝ። አባታችን የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነውና ያሳደጉኝ ጋሼ ናቸው። እንዴት እቀራለሁ?

ቶሮንቶ አውሮፕላን ስቀይር ፈታሹ ሥጋ ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ሥራሽስ ምንድን ነው ሲለኝ፣ በኩራት ሥጋ ሻጭ ነኝ አልኩት። ሰውየው ሻንጣዬን እስከ ካልሲዬ ድረስ ገለበጠው! ያገኘው ነጠላና መዝሙር መጽሐፍ ነው። ይቅርታ ጠይቆ ራሱ መልሶ አጣጠፈልኝ፤ ከእኔም የተሻለ አጣጠፈው።

ሳድል ሪጅ

ሳራ ከአየር ማረፊያው ሳድል ሪጅ ወደሚባለው ሰፈራቸው በመኪና ወሰደችኝ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። ወደ ምዕራብ ስዞር ግን በረዶ የለበሱ ተራሮች ተደርድረው አየሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ "ይቺ ፀሐይ ቤት የላትም እንዴ?" ብላት ሳራ መሪውን ይዛ ሳቀች።

ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አጠገባቸው ደረቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ጥቁር ውሻ ተቀምጧል፤ ስሙ ቶቢ ነው።

ይህ ውሻ ተራ ውሻ አይደለም። የጋሼ ስኳር መውረድ ሲጀምር ከትንፋሻቸው አሽትቶ ያውቃል፤ ጉልበታቸው ላይ መዳፉን ያደርጋል፣ ችላ ካሉት እጅጌያቸውን ይዞ ይጎትታል። በዚህ መልክ ስንቴ እንዳዳናቸው ሳራ ስትነግረኝ ማመን አቃተኝ። አሁን ግን ቶቢ ራሱ ታሟል። ጆሮው በርበሬ መስሎ፣ የሆዱ ፀጉር ረግፎ፣ ቀኑን ሙሉ ያካል። አለርጂ ነው። የበሬም፣ የዶሮም፣ የበግም ሥጋ አይስማማውም። ማከክ ሲይዘው የጋሼን ነገር ይረሳል፤ እነዚያ ሁለት ጊዜ የወደቁትም ቶቢ ቆዳውን ሲቧጥጥ ነው።

"ስለዚህ ኤይት ዊክስ፣ ስምንት ሳምንት ሙሉ በልቶት የማያውቀውን ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው" አለች ሳራ፣ ቡናማ ፍርፋሪ ሳህኑ ላይ እየሰፈረች። "ይኼ ጥንቸል ነው። ከምሠራበት ላብራቶሪ ነው ያመጣሁት። ገና ሱቅ አልገባም፣ በእንስሳት ሐኪሟ በኩል ገና ሙከራ፣ ትራያል ላይ ነው። ሦስተኛ ሳምንታችን ነው።"

"ጥንቸሏን ማን አረዳት?"

"ማንም።"

"ሞታ ነው የተገኘችው?"

"ኖ፣ አክስቴ! ጥንቸሏ አለች፣ ሳር እየበላች ነው። ከእሷ ትንሽዬ ቅንጣት ወስደን ነው ሥጋውን የምናሳድገው።"

ያልታረደ ሥጋ! እኔ ደግሞ ሥጋ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ባርኮ አረደው ብዬ ነው። ፍርፋሪውን አሸተትኩት፤ የደረቀ ዳቦ ይሸታል። ምስኪን ውሻ አልኩ በሆዴ።

ጉርሻ

ሳራ ከዚያ ምግብ በቀር ዚሮ፣ ምንም እንዳይቀምስ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ግን ሰው ልማዱን የት ይጥለዋል? ዱከም ሉካንዳዬ ደጃፍ ላይ ቡጭቅጫቂ ሳይደርሰው የሚያድር ውሻ የለም። በሁለተኛው ሳምንቴ ከሐበሻ ሱቅ ጥሩ የበሬ ሥጋ ገዛሁ፤ ኪሎው ሃያ ስድስት ዶላር፣ ስቡ ተላጦ ያለቀ፣ ውበት የሌለው ሥጋ። ጋሼ ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ሲሉ ጥብሴን ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ቶቢ መጥቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። የጋሼን ነፍስ የሚጠብቅ ፍጡር ፍርፋሪ እየቆረጠመ እኔ ጥብስ ልብላ? ጠቅልዬ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል፤ ሁለተኛውን ደገምኩለት። ከዚያ ወዲያ ምሳ በበላሁ ቁጥር ሁለት ሁለት ጉርሻ የግሉ ሆነ። ለምስጋና ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል።

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል

የጥንቸሉ ምግብ በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ቶቢ ለምርመራ ተቀጠረና ሁላችንም ሄድን። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል መጋዘንና የጭነት መኪና ብቻ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ትራክ የነዱት ከዚህ ስለሆነ በየበሩ እያሳዩኝ፣ "እዚህ ጎማ ፈንድቶብኝ ነበር፣ እዚያ ደግሞ በረዶ ውስጥ ተቀብሬ" ይሉኛል። የሳራ መሥሪያ ቤት ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ደም የለ፣ አጥንት የለ፣ ዝንብ የለ! ቢራ የሚጠመቅበት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ጋን ብቻ። በመስኮቱ ሳይ ሐምራዊ ለስላሳ ነገር ታየኝ። "ይኸው ሥጋው" አለች ሳራ።  ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ነገር እንደማላውቀው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሟ እዚያው ጠበቀችን፤ ረጋ ያለች ፈረንጅ ናት። የቶቢን ጆሮ ገልብጣ አየች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ ራሷን ነቀነቀች። የተናገረችውን ሳራ ተረጎመችልን።

"አራተኛው ሳምንት ላይ ተሽሎት ነበር፣ አሁን ወደ ኋላ ተመልሷል። ጥንቸሉም አይሆነውም ማለት ነው ትላለች። ትራያሉን ልትዘጋው ነው። ቶቢም እንዲህ ሆኖ መሥራት ስለማይችል ወዳሰለጠነው ድርጅት ይመለሳል። ሌላ ውሻ ለማግኘት ደግሞ... ዳድ፣ ወረፋው፣ ዌይቲንግ ሊስቱ፣ በጣም ረጅም ነው።"

ጋሼ የቶቢን ራስ ደባበሱ። "የጌታ ፈቃድ ይሁን" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ብል ግን ወንድሜ ባዶ ቤት ወድቀው ይቀራሉ።

"ሳራ፣ እንዳትጽፍ በያት!" ብዬ ጮህኩ። "ጥንቸሏ ምንም አላጠፋችም። ያበላሁት እኔ ነኝ። የበሬ ሥጋ፣ ሁለት ሁለት ጉርሻ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ።"

 እኔ ስድብ ስጠብቅ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አይቻለሁ" አሉ።

"ምን?"

"ስታጎርሺው አይቻለሁ፣ ዘነቡ። ሶፋው ላይ ሆኜ።"

"ሲርየስሊ፣ ዳድ? አይተህ ዝም አልክ?" ሳራ አለቀሰች። "ልትሞት ትችል ነበር እኮ!"

ሐኪሟ ጉዳዩን እስክትረዳ ጊዜ ወሰደባት፤ በተለይ ጋሼ ለምን ዝም እንዳሉ ሳራም ማስረዳት አቃታት፣ ይሉኝታን በምን ቃል ትተርጉመው? በመጨረሻ ሐኪሟ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ሳራ እንባዋን እየጠረገች፣ "ስለነገርሽን ታንክ ዩ እያለችሽ ነው። ከዜሮ እንጀምራለን" አለችኝ። ለዚያች ሴት እስከዛሬ ስጸልይ ስሟን እጠራለሁ።

ስምንት ሳምንት

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከኋላ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ምነው አንዲት ቃል ቢናገሩኝ?"

"ውቅያኖስ አቋርጠሽ ልታስታምሚኝ መጥተሽ እጅሽን ልመልስ? እንግዳ ነሽ እኮ።"

አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። "በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝ እኔ፣ ዛሬ እንግዳ ሆንኩ?" አልኳቸው። እጄን ያዙኝና እስክንደርስ አልለቀቁም።

ከዚያ ወዲያ የቶቢ ዘበኛ ሆንኩ። በየንጋቱ መዝሙሬን ዘምሬ ፍርፋሪውን በሚዛን እየሰፈርኩ ሰጠሁት። እሑድ እሑድ ጋሼ ሽማግሌ ከሆኑበት፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ካለው የአማርኛ ጉባኤ ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ማጎረስ ክልክል ነው! ማዘን የፈለገ ለእኔ ይዘን" እላለሁ። አንዷ እኅት ተቀየመችኝ፤ ትቀየም። በሦስተኛው ሳምንት የጆሮው ቅላት ቀነሰ፤ በስድስተኛው ሆዱ ላይ ጥቁር ፀጉር እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ አለ።

ስምንተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። የካልጋሪ በረዶ ለመውረድ ቀጠሮ አይሰጥም። ጋሼ ቲማቲማቸውን ሊሸፍኑ ወደ ጓሮ ሮጡ። ቶቢም ተከተላቸውና መዳፉን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። ገፉት። እጅጌያቸውን ይዞ ጎተተ። እኔ ከበሩ ሆኜ ሳያቸው ደህና ናቸው፣ ቆመዋል፣ ያወራሉ። ቶቢን ግን አመንኩት። ጎትቼ አስገባኋቸውና ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ ስኳሩ ወርዷል፣ ገና እየወረደም ነው። የብርቱካን ጭማቂውን ስሰጣቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቃቸው። በረዶው ቲማቲሙን ድምጥማጡን አጠፋው። እኛ ሦስታችን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠን ነበር። ቶቢ አላከከም። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን አልኩ፤ ለውሻውም፣ አርዳ ለማታውቀዋ ለወንድሜ ልጅ ለሳራም፣ በሕይወት ላለችው ጥንቸልም።

ዱከም

ለእንቁጣጣሽ አገሬ ገባሁ። ደንበኞቼ የካናዳ ሥጋ እንዴት ነው ሲሉኝ ሳይታረድ የሚበቅለውን ነገርኳቸው። "ዘነበች አየሩ ነክቷት መጣች" ብለው ተሳሳቁብኝ። ይሳቁ። ቢላዬን እየሳልኩ፣ "ወንድሜን ያተረፈልኝን ሥጋ አታንኳስሱብኝ" አልኳቸው። ከጉዞዬ የተማርኩት ይህን ነው፤ እጅ የሚያጎርሰው ሁሉ አይጠቅምም፣ ዝም የሚልም ሁሉ አክባሪ አይደለም።

በመጣሁ በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ቶቢ ደህና ነው፣ ሳራም ደህና ናት አሉኝ።  ስልኩን ልዘጋው ስል ግን ጠሩኝ።

"ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።"

"ይንገሩኝ።"

"ሦስት ወር ሙሉ በየንጋቱ ስትዘምሪ እንቅልፍ ነስተሽኛል። የጉባኤ ሽማግሌ ሆኜ መዝሙር አቁሚ እንዴት ልበል? ድምፅሽ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ አያምርም።"

ሉካንዳው መሐል ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እንግዳ እንዲህ አይባልም። እንዲህ የምትባለው እኅት ናት።