ጫማዋን ሳታወልቅ የምትተኛዋ ሴት

በጤና ጣቢያው የምክር ክፍል የምትሠራውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሳትጨርስ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። እሷም ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም፤ እውነታቸውን ነዋ! ሰው ፊቷ ሲቀመጥ «ምን ሆነህ መጣህ?» አትልም። ተረት ትጀምርና መሃል ላይ ዝም ትላለች። የቀረውን የሚጨርሰው ባለጉዳዩ ነው። ስለ ራሱ አፉን የማይከፍት ሰው የሰው ጉዳይ ሲሆን እንዴት እንደሚቀናው የመንደር ሐሜተኛ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ያንኑ ሙያ አደረገችው።

አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበራት። ተረቱን ከባዶ አትፈጥርም፤ ከአንዱ ባለጉዳይ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ እየወሰደች ትቀጣጥላለች። ስምና ቦታ ከተቀየረ ማን ያውቀዋል ባይ ነበረች።

አንድ ጠዋት አንድ በያጅ በታላቅ ወንድሙ እየተገፋ መጣ። ሥራ ቦታ ባልደረባውን በብረት ሊመታ ሲል ነው ሰው የያዘው። ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ቀረ፤ በያጁ ገብቶ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አለች ሳትጨርስ። «ማታ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ባሏ ሲጠይቃት እግሬን ይበርደኛል ትለዋለች። እውነቱ ግን ድንገት መሮጥ ቢያስፈልገኝ ብላ ነው።» እንደ ልማዷ ዝም አለች።

በያጁ ቀና አለ። «ጫማው ሸራ ነው? ማሰሪያው የተበጠሰ?»

ሳትጨርስ ክው አለች። ይህን የነገረቻት ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያ ሄድኩ እያለች ተደብቃ የምትመጣ ሴት ናት። ባሏ ምን እንደሚሠራ ሴትየዋ አልተናገረችም፤ እሷም አልጠየቀችም። አሁን ምን ይደረጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

«ይሄን ማን ነገረዎት?» አለ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ማን ነው የነገረሽ?» አክብሮቱ ከአፉ ጠፋ። ሳትጨርስ ያቺ ሴት በዚህ ሰዓት ቤት ብቻዋን እንደሆነች አሰበች።

«ማንም አልነገረኝም። የራሴ ታሪክ ነው» አለች። ባል አግብታ አታውቅም።

ትክ ብሎ አያት። «ባልሽስ ምን አደረገ?»

«እሱን አንተ ጨርሰው።»

ወደ በሩ ዞረ። በሩን ከፍቶ የሚሮጥ መስሏት ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ባልየው ያውቃል» አለ። «ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ጫማውን ያየዋል። ጠዋት የነቃ እንዳይመስል ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ትሂድ ብሎ። አትሄድም። ማታ ጠጥቶ ሲገባ ደግሞ…» እጆቹን ጭኖቹ መሃል ወሸቃቸው። «ማታ ያው ነው።»

ከኪሱ የቤት ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይሄን ለሷ ስጪልኝ።»

ውሸቷን ለደቂቃ እንኳ አላመነላትም። ቁልፉን ብትቀበል፣ አዎ ሚስትህ እዚህ ትመጣለች ማለት ነው። ባትቀበል ማታ ከፍቶበት ይገባል። ሳትጨርስ ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«የማን እንደሆነች የማላውቃትን ሴት ቁልፍ አልይዝም» አለች በመጨረሻ። «ታላቅ ወንድምህ ውጭ ነው። ለእሱ ስጠው።» መልሱን ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ወንድምየውን ጠራች።

በያጁ ቁልፉን አነሳ። ለወንድሙ ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ያዝልኝ» አለ። «ዛሬ አንተ ጋ ልደር። ነገም።»

ሐሙስ ሴትየዋ መጣች። ፊቷ ቀለል ብሎታል፤ ባሏ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ሳትጨርስ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን ነገረቻት፤ ምንም ሳታስቀር፣ እስከ መጨረሻው።

ሴትየዋ ሰምታ ስትጨርስ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ለእናቴ ያልነገርኩትን ነበር ለእርስዎ የነገርኩት» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

በያጁ እስከ ዛሬ በቀጠሮው ይመጣል፤ አንድም ቀን አልቀረም። እሷ ግን ሁለተኛ አልመጣችም።