ኮፈኑ ላይ ተቀመጥኩ

የአሠሪዬ መኪና የዚያን ዕለት ጠዋት እምቢ አለች። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ባትሪው ሞቷል። የአሠሪዬ ልጅ ፈተና ስለነበራት በባጃጅ ሸኘናት። ሀርጌሳ የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ መኪናዋንም የምነዳው እኔው ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እየተሳቀብኝ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ መሪ ላይ ሊያወርደኝ የሚያስብ ሰው ቀድሞ ምሳውን ይብላ።

የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሐኪም ሆነ። በመጨረሻ የመጡት የበርበራ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር፣ ያገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከመኪናቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱን ፈተው በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። ዘዴያቸው የመንገድ ሹፌሮች የኖሩበት ነው። በተዋስከው ባትሪ ታስነሳለህ፣ ሞተሩ እየሠራ ትነቅለዋለህ፣ የራስህን መልሰህ ታስርና ለባለቤቱ አመስግነህ ትሰጠዋለህ። በረሃ ላይ ስንቱን አውጥቷል።

«ይቺ እንደ እርስዎ መኪና አሮጌ አይደለችም» አልኳቸው። «ኮምፒውተር አላት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ከተነቀለ ከዲናሞው የሚመጣው ኃይል ማረፊያ ያጣና ያቃጥላታል። የባትሪ ገመድ ይምጣና የእርስዎን ከእሷ ባትሪ ጋር እናገናኘው። የእሷ ከቦታው አይነሳም።»

«አንቺ ሳትወለጂ ባትሪ ነቅያለሁ፣ ልጄ። ሞተር ከተነሳ ባትሪ ምን ይሠራል?»

አሠሪዬ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ጋሼ በሚችሉት ሶማልኛ አስረዷት። እጇን ዘረጋችልኝ። «ቁልፉን ስጪውና ወደ ኩሽናሽ ግቢ» አለች።

ደሜ ፈላ። ኮፈኑን ዘጋሁና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን መኪና እንዲሁ ባትሪዋ ተነቅሎ ከተቃጠለች ወዲህ ከጥላዋ ሥር ፍየል ይተኛል። ይቺም ብትቃጠል ማን አቃጠላት እንደሚባል አላጣሁትም። ጋሼ በማግስቱ በርበራ ናቸው፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ መሪውን የማጣውም እኔ።

«በገብርኤል ይማሉልኝ» አልኳቸው። «ከተቃጠለች ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ እሷ የለችበትም ይበሉ። ይህን ካሉ አሁኑኑ እወርዳለሁ።» ያልኩትን ለአሠሪዬም በሶማልኛ ደገምኩላት።

ከበውን የቆሙት ሁሉ ጋሼን ያዩ ጀመር። እሳቸው በሐሰት የሚምሉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ስለማውቅ ነው በመሐላ የያዝኳቸው። ባትሪውን መሬት አስቀመጡና ላባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። አሠሪዬም እንዳልማሉ አየች። የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ገመድ ፈልጉ» አለች።

ገመድ ከአንድ ጋራዥ ተገኘ። ቀዩን ከቀይ፣ የጥቁሩን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አያይዤ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ገመዱን ፈትቼ ቀና ስል የጋሼ እጅ ከመኪናዋ ባትሪ ላይ ደርሷል።

«ዲናሞው መሙላቱን ነቀል አድርጌ ልየው» ሲሉ እጃቸውን በጥፊ አልኩት። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«መታሽኝ?»

«መታሁዎ። ደግመው ቢዘረጉትም እመታዎታለሁ።»

አሠሪዬ ሳቋ አመለጣት። የፊቱን በር ከፍታ ገባችና በመስኮት «አትቀየማት፣ ሹፌሬ ናት» አለቻቸው።

ሹፌር መሆኔንስ እኔ ከእሷ በፊት አውቀው ነበር።