ድኩላው በእህቴ በኩል

እህቴ ምንም ሳትሠራ ተመረቀች። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም።

አባታችን ከአሰላ ከተማ በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ተዳፋት መሬት ለሁለት ከፍለው ግማሿን ለእኔ፣ ግማሿን ለታናሽ እህቴ ሰጡን። ገብስ የማታበቅል፣ ከብት ሲግጣት የኖረች ራቁቷን የቀረች መሬት ናት። እሳቸው ልጅ ሳሉ ግን ጫካ ነበረች፤ ማለዳ ማለዳ ድኩላ ጓሯቸው ድረስ ይወርድ ነበር። ሲሰጡን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ድኩላ ከጓሮዬ አንዴ ልይ» አሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነበር።

ያን ድኩላ ላመጣላቸው የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ። መምህር ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምመራውም እኔ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ቁጥቋጦውን መንጥሬ፣ በገመድ ለክቼ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ የወይራና የጽድ ችግኝ በጋሪ አስጭኜ እተክላለሁ። በበጋ በጀሪካን ውኃ ተሸክሜ አጠጣለሁ። ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጠርኩ፤ በእህቴና በእኔ መካከል ያለውንም ጭምር። በእሷ በኩል የሰው ከብት እንዳይገባብኝ ነው።

እህቴ ነርስ ናት፤ ሮቤ ተመድባ ትሠራለች፣ በዓል ሲሆን በሚኒባስ ትመጣለች። ለመሬቷ ያደረገችው ነገር ቢኖር ከጎረቤቶች ጋር መስማማት ብቻ ነው፤ እነሱ ከዳር ዳሩ ሣር አጭደው ይወስዳሉ፣ በምትኩ ከብት አያስገቡም። በግብርና ቢሮ ቋንቋ «ከንክኪ ነፃ» ይሉታል። በእኔ ቋንቋ ስንፍና ነው። ችግኝ ልስጥሽ ስላት፣ «ተወው ጋሼ፣ እሱ ያውቅበታል» ትለኛለች። እሱ ማለት መሬቱ ነው!

ታዲያ አወቀበት። ዓመታት አልፈው የእኔ ችግኝ ግማሹ በውርጭ ተመቶ፣ ግማሹ ከጉልበት ሳያልፍ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድሮ ቆሟል። በእሷ በኩል የድሮው ጉቶ አቆጠቆጠ፣ ወፍ ከጫካ የወይራ ፍሬ አምጥታ ዘራች፣ ኮሶው ተነሣ፣ ሰው ቢገባበት አይታይም። እኔ በየክረምቱ ቁጥቋጦ ነው ብዬ የመነጠርኩት ቡቃያ ነው እሷ ዘንድ ዛፍ የሆነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም።

አንድ ማለዳ አባቴ ከጓሮ ተጣሩ። ስደርስ እጃቸው ወደ ላይ ተዘርግቷል። ድኩላው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ቆሟል፤ በእህቴ በኩል። አባቴ አለቀሱ። ወዲያው በእኔ ስልክ አስደወሉና «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሏት። እጇ ምን ሠራና ነው የሚባረከው? በጀሪካን የተላጠው የእኔ እጅ አይደለም እንዴ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸው ወደ እሷ መሬት ዞረ። የእኔ ሰልፍ ከጀርባቸው ቀረ። እርር ድብን አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የእህት ወርቅ ደግሞ ያቃጥላል። እንዲያውም አንድ ማለዳ ድኩላው ብቅ ሲል ባልዲ አንሥቼ ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። በርግጎ ገባ።

አባቴ ዞር ሳይሉ «ሽቦህን አንሣ» አሉኝ።

«የቱን ሽቦ?»

«የመካከሉን። በየቀኑ እዚያ ድረስ ይመጣል፣ ወደ አንተ ያያል፣ ይመለሳል።»

ሽቦውን ማንሣት ማለት ችግኞቼን ማስበላት ነው። ያን ሁሉ ውኃ የተሸከምኩት ለድኩላ ቁርስ ነው? ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ግን የአባቴ ዓይን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከእሷ በኩል ብቻ አይተው እንዲያበቁ ደግሞ ሆዴ እሺ አላለኝም። ሽቦውን ጠቅልዬ አነሣሁት። በዚያ ክረምት ምንጣሮም አልነካሁም።

በጋው ሲገባ፣ በአንድ ብርዳማ ማለዳ፣ አባቴ በሹክሹክታ «ወንበሬን አዙርልኝ» አሉኝ።

አዞርኩላቸው። ድኩላው ወሰኑን አልፎ ከሰልፌ መካከል ገብቷል፤ ከሁሉ የምሳሳለትን የወይራ ችግኝ ጫፉን እየቀረጠፈ ነው። አባቴ አንገታቸውን አስግገው ጥጃ እንደሚጠሩ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይሉታል፤ ና፣ ና ማለታቸው ነው። ችግኙን እስከ ግንዱ በላው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ቆሜ አየሁት።

ድኩላው ወደ ጫካው ተመልሶ እንደገባ ለእህቴ ደወልኩ።

«ዛሬ ቁርሱን እኔ ዘንድ በላ።»

«ምን በላ?»

«የወይራ ችግኝ።»

«እኔ ዘንድ ያ ሁሉ ወይራ እያለ?»

ድምፅዋን አወቅሁት፤ ስንት ዓመት በእኔ ጉሮሮ ውስጥ የኖረ ድምፅ ነው።

«አባባስ?» አለች።

«ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረዋል።»

«መጣሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በዓል ገና ሩቅ ነበር።