ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ፎቶ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር አራዳ፣ በወንድሜ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር፤ ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፣ ወረቀት እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። አንድ ማለዳ ከዳባት በኩል የመጡ ገበሬዎች ግብር ቢበዛባቸው አገረ ገዢው ደጅ ቆሙ። እንደ ልማዱ ሁሉም ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው «አቤት! አቤት!» ይላሉ። ፎቶ አነሳኋቸው። ፖሊስ ዱላ ይዞ ሲመጣ እነሱ ተበተኑ፤ እኔ ከነካሜራዬ ተያዝኩ።

ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ጭድና ሽንት ይሸታል። ውስጡ አንዲት የዳባት ሴት አለች፤ ባሏ ከተበተኑት አንዱ ነው፣ እሱ እስኪገኝ እሷን አሰሯት። ፎቶ አንሺ መሆኔን ስትሰማ ምንጣፏን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«ምነው አንቺዬ፣ የባሌን ፊት ሳጥን ውስጥ ከተሽ ለማን ልታስረክቢው ነው?»

«ለማንም። እንዲያው አምረውኝ ነው ያነሳኋቸው።»

«አምረውሽ! ድንጋይ የተሸከመ ሰው ያምራል? ሰርግ መሰለሽ?»

ሦስት ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ በባዶ መሬት ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የጣቢያው መቶ አለቃ ግቢው መሃል አስጠራኝ። ካሜራዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሴቲቱ በበሩ ፍርግርግ ታያለች።

«ፊልም ሳይታጠብ ፀሐይ ካየው ይቃጠላል አሉኝ። ወደ ጨለማ ክፍልሽ እንወስድሻለን፤ አጥበሽ የእያንዳንዱን ሽፍታ ፊት አትመሽ ትሰጪኛለሽ። ከዚያ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«እሺ ጌታዬ። ብቻ ፊልሙ እስከ መጨረሻው መጠቅለሉን ልየው።»

«እይው! ሴት ካሜራ ከያዘች ወዲያ አገሩም አልቆለታል» ብሎ ወደ እኔ ገፋው።

ጀርባውን ከፈትኩና ፊልሙን መዘዝኩት። እንደ በግ አንጀት ተተርትሮ መሬት ላይ ወደቀ።

«ምን አደረግሽ?»

«ከእንግዲህ የሚታጠብ የለም፣ ጌታዬ።»

በጥፊ ሲመታኝ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ስመለስ ሴቲቱ አላመሰገነችኝም፤ የምንጣፏን ግማሽ ለቀቀችልኝ። እኔን ስድስት ወር አቆዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንስቻለሁ፤ ፎቶዎቼ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለው ሰው ቆሞ አይቷቸዋል። የእነዚያን ገበሬዎች ፊት ግን አንዱንም አላስታውስም። ድንጋዮቹን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ያኔ ግን ወንድሜ እኔ ሳልፈታ ካሜራዎቹን ሸጦ ፎቶ ቤቱን የጨው መደብር አድርጎት ነበር። በተፈታሁ ማግስት ወስዶ ከባንኮኒው ኋላ አቆመኝ። «ጨው መልክ የለውም፤ ይህን ሽጪ» አለና ሚዛኑን እጄ ላይ አኖረው።