ፈላና በር ላይ የጠባው ልጄ

ልጄ ክርስትና ከተነሣ ወር አልሞላውም ነበር። ባሌ ዘምቶ ነበርና ከአማቴ ጋር ከገጠር ስንመለስ እሳቸው በበቅሎ ይሄዳሉ፤ እኔ ልጁን ታቅፌ በእግሬ እከተላለሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። ሰው በሚያይበት እንዳላጠባ ከልክለውኛል፤ «ዓይነ ክፉ ጡትሽን ካየ ልጁን ይበላዋል» ይላሉ። እኔም ዓይነ አፋር ነኝና አልተከራከርኩም።

የከተማው ግንብ መግቢያ ፈላና በር ስንደርስ የኬላ ጠባቂዎች የነጋዴ ጭነት እያስፈቱ ስለነበር አላስገቡንም፤ ቆምን። ልጄ ማልቀሱን ትቶ ማቃሰት ጀመረ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ወደ ግንቡ ዞሬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ጡቴን ሰጠሁት። ግን ዘግይቻለሁ። ጡቴ በወተት ተወጥሮ ጠጥሯል፤ ጫፉ አልያዝ አለው። አፉ እየተንሸራተተ ይወድቃል።

ከግንቡ ሥር በርበሬ የምትሸጥ የከተማው እስላም ሴት ሕፃን ሴት ልጇን እያጠባች ታየን ነበር።

«ስጪኝ እህቴ፤ ያንቺ እስኪላላ እኔ ላጥባው።»

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ አማቴ ከበቅሏቸው ላይ።

«ይጥባ እማማ። የምጎዳው እኔ ነኝ ወላሂ! በኛ ሸሪዓ ጡቴን ከጠባ የልጄ ወንድም ነው። አንድ ባል ቀነሳችሁባት።»

በርበሬ ሊገዙ የቆሙት ሴቶች ሳቁ።

«ማን ሊድርልሽ! ጡትሽን ሰብስቢ!» አሉ አማቴ።

አማቴን ሳላይ ልጄን ሰጠኋት። «ቢስሚላህ» ብላ ተቀበለችው። ወዲያው ያዘ። ሲውጥ ይሰማኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ አማቴ ደጃፉ ላይ አቆሙን። «ቄደር ሳይጠመቅ ቤቴ አይገባም!» ቄደር ሃይማኖቱን ትቶ የተመለሰ ሰው የሚነጻበት ጥምቀት ነው። ልጄ የተወው ሃይማኖት አልነበረም፤ ርቦት ነበር። የንስሐ አባታቸው መጥተው ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት።

ከዚያ ወዲያ አማቴ ልጁን ለእኔ አልመለሱልኝም። «ፊደል ቆጠረች ብለው ያመጡልኝ ሙሽራ ልጇን ለማንም ታድላለች» እያሉ የምታጠባ ክርስቲያን ሞግዚት አስመጡ። በግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ በሰማሁ ቁጥር ቀሚሴ ይርሳል። ጓሮ ወጥቼ ወተቴን መሬት ላይ አልበዋለሁ። እያደር አነሰ፤ ከዚያም ቆመ።

ባሌ ከዘመቻ ሲመለስ ልጁን ከአማቴ ክንድ ወስዶ አሳቀፈኝ። ልጄ በአፉ ደረቴን ፈለገ። ከፈትኩለት። ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።