የመዶሻ ባዶ እግር

መዶሻን ሰው የሚያውቀው ቀን ጋራዥ ውስጥ የተጨማደደ የመኪና በር ሲቀጠቅጥ፣ ማታ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ድራም ሲመታ ነው። "ባዶ እግሩን የሚሆነው ለታይታ ነው" ይሉታል። ለታይታ! ሰው ካወራ ማን ይከለክለዋል? እውነቱ ሌላ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የቀጠቀጠው ቆርቆሮ ጆሮውን በልቶታል። መድረክ ላይ የቤዝ ጊታሩን ድምፅ ማጉያ አጠገቡ ያስጠጋና ተረከዙን ከማጉያው ሣጥን ጋር ያጣብቃል። ንዝረቱ በአጥንቱ ሽቅብ ሲወጣ ምቱን የሚይዘው በዚያ ነው። ቤዙን የምትጫወተው ታናሽ እህቱ ናት። ለእሷም ቢሆን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ምን ዋጋ አለው፣ የብሉዝ ሮክ ባንዳቸው የመጀመሪያ አልበሙን ሊቀርጽ ስቱዲዮ የገባ ዕለት ጉድ ፈላ። የቀረጻ ባለሙያው መዶሻን ለብቻው መስታወት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ዘጋበት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፋለት። የእህቱን ቤዝ ደግሞ በገመድ በቀጥታ ከመቅረጫው ጋር አገናኘው። መዶሻ እግሩ ሥር የቀረለት ወፍራም ምንጣፍ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ዘፈኑን ቀድሞት ሮጠ። ቀጥሎ ወደኋላ ቀረ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ጊታር የሚጫወተውና የሚዘፍነው አብሮ አደጉ ጎርናናው፣ ዓይኑ ደም መስሎ በሩን በረገደው።

"አንተ! ጠጥተህ ነው እንዴ የመጣኸው?"

መዶሻ ከንፈሩን አይቶ ገባው። "ትንሽ ቀማምሻለሁ" አለ። ጠብታ እንኳ አልቀመሰም! ግን ሰካራም ሲነጋ ይበርድለታል፤ ጆሮ የሌለው ድራመር ማን ያስጠጋዋል ብሎ ፈራ። ወጣትነቱን የጨረሰበት ባንድ ነዋ።

ጎርናናው በሩን ወርውሮበት ወደ ባለሙያው ሄደ። መዶሻ በመስታወቱ በኩል ባለሙያው ስልኩን ሲያወጣ አየ፤ ከንፈሩንም አነበበ። "የማውቀው ድራም መቺ አለ፤ ልጥራው?" ጎርናናው መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ከንፈሩን አላቀቀ፤ "ጥራው።"

መዶሻ ክው አለ። ማዳመጫውን አውልቆ ወረወረና ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰ።

"አልጠጣሁም! ጆሮዬ ነው። አይሰማም። ከተወኝ ቆይቷል።"

ምን ያህል እንደጮኸ አላወቀም፤ ባለሙያው ግን የራሱን ማዳመጫ መንጭቆ ጣለ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እህቱ ናት። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ካጠገብህ ንቅንቅ ያላልኩት ቁንጅናህን ለማየት መሰለህ?"

ታውቅ ነበር! እያለቃቀሰች ማጉያዋን እየጎተተች መስታወት ክፍሉ ውስጥ አስገባችው። ባለሙያው እሳት ጎርሶ ተከተላት፤ "ድምፁ እኮ ከድራሙ ጋር ይቀላቀላል! አንዳችሁ ብትሳሳቱ በኋላ ማረም የለም፤ ዘፈኑ ገደል ይገባል!"

"ይግባ" አለ ጎርናናው። መዶሻን ግን ቀና ብሎ አላየውም።

መዶሻ ጫማውን አወለቀ፣ ተረከዙን ከሣጥኑ ጋር አጣበቀ። እህቱ የመጀመሪያውን ክር ስትነካ ንዝረቱ ጉልበቱ ድረስ መጣለት። መታ። መሃል ላይ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ባቱ ተኮማተረ፤ እግሩን ቢያነሳ ያለቀለት ነው። ጥርሱን ነክሶ የእህቱን ጣቶች እያየ ቀጠለ። ጎርናናው እጁን ሲያወርድ እሱም አቆመ።

ሁሉም የተቀረጸውን ሊያዳምጡ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሄዱ፤ እሱም ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ጥግ ይዞ ፊታቸውን ያይ ጀመር። ጎርናናው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አበላሽቼዋለሁ ማለት ነው አለ መዶሻ በሆዱ።

ጎርናናው እጁን ከፊቱ አነሳ። ዓይኑ ርሷል። መዶሻን ክንዱን ይዞ ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ጎተተው፣ እጁን በላዩ ላይ አስቀመጠለትና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

"ቀንስ! ልታፈነዳብኝ ነው!" አለ ባለሙያው።

"ይፈንዳ" አለ ጎርናናው። "ወንድሜ አልሰማውም።"