በአባቴ ሚዛን ሃምሳ ስምንት

ቢቸና ውስጥ ብረት የምታነሳ ሴት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሌሎቹ ልጆች ግን ጂም ሲመጡ ነጠላ ደርበው፣ ቤተክርስቲያን የሚሳለሙ መስለው ነው። እኔ በቱታዬ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ። ስለዚህ «ጉልቤ» የሚለው ስም ለእኔ ወጣ። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሳልፍ ዝም ብለውኝ አያውቁም።

«አንች ጉልቤ! ባጃጄ ጭቃ ውስጥ ገብታለች፣ ነይ አንሻት!»

«አንተም ውስጥ ከተቀመጥክ አብሬ ነው የምወረውርህ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ የሚያስቀኝ ነገር ብዙ አልነበረም።

ጂም የምንለው ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የምታሰለጥነን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የስፖርት መምህር ስትሆን፣ ትምህርት ከጨረስን በኋላም «ቲቸር» ነው የምንላት። ክብደት የሚሰካበትን ዘንግ፣ ባሩን፣ ብየዳ ቤቱ ሠራልን። ክብደቶቹን ራሳችን ሠራን። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ መሃል ቱቦ አቁመን ሲሚንቶ ሞላንበት። ሲደርቅ አባቴ ሱቅ ተሸክመን ወስደን አንድ በአንድ መዘንናቸው፤ የከበደውን በመዶሻ ሸራረፍን፣ ኪሎውን በቀይ ቀለም ጻፍንበት። የተለጣጠፈች ቤት ብትሆንም እኛ እንወዳት ነበር።

አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ገበሬው ያመጣውን ጤፍና ስንዴ ይገዛል፣ ሲጠራቀምለት በመኪና ይጭናል። በሩ ላይ ጆንያ የሚጫንበት ትልቅ የብረት ሚዛን አለ። ልጅ ሆኜ መጫወቻዬ ነበር። ብረት ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ጫማዬን አውልቄ እወጣበታለሁ። አባቴ መነጽሩን ያደርግና ጎንበስ ብሎ ያነብልኛል።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። ዘመዶቹ «ሴት ልጅህን ወንድ አደረግሃት፣ ማን ያገባታል?» ሲሉት «እሷ ታግባ እንጅ ማን ያገባታል ትላላችሁ?» ብሎ ይመልስላቸዋል። ጾም ካልሆነ በቀር በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል ራሱ ይቀቅላል፣ ራሱ ይልጣል፣ ሚጥሚጣ ነስንሶ አልጋዬ አጠገብ ያስቀምጣል። በእኛ ሰፈር ወጥ ቤት ገብቶ ለልጁ እንቁላል የሚልጥ አባት ሌላ አላየሁም። ጓደኞቼ አባቶቻቸውን ሲፈሩ እኔ በአባቴ እኮራ ነበር። አፌን የፈታልኝ እሱ ነው። ያየሽውን ተናገሪ ይለኝ ነበር።

ከደንበኞቹ መካከል ከገጠር ጤፍ የሚያመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሱቅ ካገኙኝ ሳይነኩኝ አያልፉም።

«እስኪ ክንድሽን አምጭው። ወየው! ይሄ እኮ ሞፈር ይሰብራል!»

«ጠንካራስ እርስዎ ነዎት፣ ያን ሁሉ አገር ጤፍ ተሸክመው።»

«እኔማ ለምጀው ነው። አንች ምን አድርጊ ተብለሽ ነው ሲሚንቶ የምትሸከሚ?»

አንድ ቅዳሜ ጆንያቸው ተመዝኖ ኪሎው ሲነገራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ጌታው፣ ቤቴ በቁና ሰፍሬው ነው የመጣሁ። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ይጎድልብኛል።»

አባቴ ትከሻቸውን ቸብ አደረገ። «መንገዱ በልቶት ነው እናቴ። መንገዱስ አይርበው?»

እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አባቴ ሰው ማሳቅ ያውቅበታል።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ሞጣ ላይ ውድድር እንዳለ ነገረችን። ከየክብደቱ አንደኛ የምትወጣዋ ለክልል ቡድን ትመረጣለች፤ ምግቡም ማደሪያውም በቡድኑ ነው። ከዚህ ከተማ የምወጣበት ሌላ በር አልታየኝም። የምገባው ከሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ በታች በሚወዳደሩት ውስጥ ነበር። በአባቴ ሚዛን ደግሞ ሃምሳ ስምንት ነበርኩ። ተመዘገብኩ፣ ተዘጋጀሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻው ሳምንት አባቴ እንቁላሉን ተወ። ጠዋት ስነሳ ሳህኑ የለም።

«ዶሮዎቹ አመጹ እንዴ?» አልኩት።

«ትንሽ ቀለል ብትይ አይሻልም?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አንድ ኪሎ ይተርፈኛል። አንተ አይደለህ ያነበብከው?»

መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ጠርጎ ጠርጎ መልሶ ሳያደርገው ኪሱ ከተተው። «ይሁን። ብቻ እራትም አታብዢ።»

ተናደድኩ። ልቡ የተለወጠ፣ ተመርጬ ሄጄ ብቻውን እንዳልተወው የፈራ መሰለኝ። ለብ ያለ ስንብት ተሰናብቼው ወጣሁ።

ሞጣ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ እየዘፈንን ሄድን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ድምፃችን ተዘግቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያገኘናቸው ልጆች አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ አስረው በስልክ ራሳቸውን ይቀርጻሉ። አንዷ ከጣሳ ዱቄት አውጥታ በውሃ እየበጠበጠች «አንቺ ምንድነው የምትጠቀሚው?» አለችኝ።

«ሽሮ» አልኳት።

ከዚያ ለምዘና ተጠራሁ። የምትመዝነው ሴት ቁጥሩን አየች፣ ስሜን አየች፣ እንደገና ቁጥሩን አየች። «ስድሳ አንድ።»

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል።»

«ሁሉም የተመዘነው በዚሁ ነው፣ የኔ እህት።»

«የሁሉንም ተሳስታችኋላ! እኔ ቅዳሜ ተመዝኛለሁ፣ ሃምሳ ስምንት ነኝ!»

ጩኸቴን ሰምታ ቲቸር ገባች። ክርክር አላበዛችም፤ ወጥታ ሃያ ኪሎ የተጻፈበትን የውድድር ብረት ይዛ መጣችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ አለ። ልክ ሃያ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «የት ነው የተመዘንሽው?»

«አባቴ ሱቅ። በእህል ሚዛን።»

«የሚሸጥበት ነው የሚገዛበት?»

«የሚገዛበት» አልኩ፣ ምን እንደጠየቀችኝ ሳይገባኝ።

ሳቀች። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ልጆችም ሳቁ፤ ሁላቸውም የገበያ ከተማ ልጆች ናቸው። «በይ ነገሩ ተገኘ» አለች። «ጤፍ ሆነሽ ነው የተመዘንሽው! ከገበሬው ላይ የሚነሳውን ካንችም ላይ አንስተውልሽ ነው።»

መጀመሪያ የመጣብኝ «ሁልጊዜ ይጎድልብኛል» ያሉት የእኒያ እናት ድምፅ ነው። ቀጥሎ ባዶው ሳህን መጣብኝ። ያውቅ ነበር። ከሃምሳ ዘጠኝ እንደማልፍ ያውቅ ነበር፤ ቢነግረኝ የሚዛኑን ጉድ ማውጣት ሆነበት። ያለው አማራጭ እንቁላሉን መከልከል ብቻ ነበር።

ቲቸር ትከሻዬን ያዘች። «የኔ ቆንጆ፣ ስሚኝ። በላይኛው ክብደት አስመዘግብሻለሁ። ደግሞ አስቢው፣ ሲሚንቶው የተመዘነው በዚያው ሚዛን ነው። ከጻፍንበት በላይ ስታነሺ ነው የከረምሽው!» ደስ ብሏት ነበር። እሷ የእኔን ጉልበት ነው ያሰበችው።

ባሩ ፊት ቆምኩ፣ ያዝኩት፣ ተነሳ። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ከደረቴ ወደ ላይ ሲሄድ ሰው እልል አለ። ከእጄ የቀለለው ከማን ጆንያ ላይ የተነሳው እንደሆነ እያወቅሁ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። አንደኛ ወጣሁ። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ሲገባ አለቀስኩ፣ ሰዉም የደስታ መስሎት አብዝቶ አጨበጨበልኝ።

ቢቸና መናኸሪያ አባቴ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ቆሞ ጠበቀኝ።

«ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «አላልኳችሁም?» እያለ ሁሉንም አቀፈ። ወደ ቤት ስንሄድ ብቻችንን ስንሆን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በስንት ኪሎ ገባሽ?»

«በላይኛው።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ይል ነበር።

ቅዳሜ እኒያ እናት ጤፋቸውን ይዘው መጡ። ሜዳሊያውን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት፣ ግንባሬን ሳሙኝ። «እሰይ ልጄ፣ እሰይ! የኛን አገር ሴት አኮራሽ።» ጆንያቸው ሚዛኑ ላይ ወጣ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነበበ። እሳቸው ዛሬ ይጎድላል አላሉም፤ እኔን ስላዩ ደስ ብሏቸው ነው መሰለኝ። እኔ፣ አፌ አያርፍም የምባለው፣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ደህና ዋይ ብለውኝ ሄዱ።

እንደወጡ ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

«ስንት ይላል?»

«ውረጅ ልጄ።»

«ስንት ይላል አባዬ?»

አላነበበም። በሩን ገርበብ አደረገው። «የሁሉም ሚዛን እንዲህ ነው። እኔ ብቻዬን ባስተካክል ሌላው በልጦኝ ይገዛል፣ እኔ እዘጋለሁ።» ከዚያ ጨመረ፤ «አንችስ በምን ያደግሽ መስሎሽ ነው?»

ቢቆጣኝ እመልስለት ነበር። ግን እንደ ልመና ነው ያለው።

«ለምን አልነገርከኝም? እዚያ ድረስ ሄጄ የሰው ሁሉ መሳቂያ እስክሆን?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለ። ያን ጊዜ ሌላ ገበሬ አህያውን እየነዳ በሩ ላይ ደረሰ። አባቴ መነጽሩን አደረገ። እኔም ወረድኩ፤ ቦታው ለጆንያው ያስፈልግ ነበር።

ቲቸር ለክልሉ ቡድን ጥሪ እስኪመጣ ተዘጋጂ ብላኛለች። አሁንም እሰለጥናለሁ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹም ይለክፉኛል፣ እኔ ግን የምመልስላቸው ቀንሷል። እንቁላሉ ተመልሷል። ጠዋት ስነሳ ተልጦ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት አልጋዬ አጠገብ አለ። ጾም መቼ እንደሚገባ እንደዘንድሮ ጓጉቼ ጠይቄ አላውቅም። እስከዚያው እበላዋለሁ። ይርበኛል፣ ምን ላድርግ። በሩን ዘግቼ፣ ጀርባዬን ወደ በሩ አዙሬ እበላለሁ። አባቴም ሳህኑን የሚያነሳው እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው።